«ራን» የሚለውን ቃል ከእኔ ወስደው ለባለመስኮቷ ስለ መስጠትዎ

ይድረስ ለተከበሩ የመዝገበ ቃላት ዝግጅት ክፍል ዳይሬክተር
ካሉበት

ግልባጭ፦ ለሦስተኛው ፎቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ለጋዜጣው የአንባቢያን ገጽ፣ እንዲሁም የሰው ደብዳቤ ማንበብ ደስ ለሚለው ሁሉ

ክቡርነትዎ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ከወንበርዎ ከፍታ ጋር የሚመጣጠን ሰላምታዬን እያቀረብኩ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ነው? አዲሱ የቆዳ ወንበር ተስማማዎት? የደም ግፊትዎ ይህ ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት በነበረበት ልክ እንደሚገኝ ሙሉ ተስፋ አለኝ፤ ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ለሚሆነው ግን ኃላፊነት ለመውሰድ እቸገራለሁ። የእኔን ጤና በተመለከተ፣ ከቅናት በስተቀር ምንም አላመመኝም።

ለጉዳዩ እንግዳ ለሆኑ አንባቢያን ጥቂት ላስረዳ፤ እርስዎም ከተሽከርካሪ ስምሪት መምሪያ ወደ እኛ ከተዛወሩ ገና ሁለተኛ ዓመትዎ ስለሆነ አብረው ቢያዳምጡ አይጎዳዎትም። መሥሪያ ቤታችን የእንግሊዝኛ ቃላትን በቋንቋችን የሚፈታ ትልቅ መዝገበ ቃላት ያዘጋጃል። በእኛ ዘንድ እያንዳንዱ ቃል አንድ አሳዳጊ አለው። አሳዳጊው ቃሉ የገባበትን ዓረፍተ ነገር ከጋዜጣ፣ ከመድኃኒት ወረቀት፣ ከማሽን መመሪያ፣ ካገኘበት ሁሉ እየለቀመ በካርድ ላይ ይጽፋል፤ ከካርዱ ጀርባ የት፣ መቼና እንዴት እንዳገኘው ያሰፍራል፤ ካርዶቹን በጫማ ካርቶን ውስጥ ያኖራል፤ በካርቶኑ ክዳን ላይም ይፈርማል። ቃሉ አድጎ ለኅትመት ሲበቃ፣ በፍቺው መጨረሻ ላይ የአሳዳጊው ስም ሁለት መነሻ ፊደላት በደቃቁ ይታተማሉ። ጡረታ እስክንወጣ የምናገኘው ክብር ይኸው ነው፤ ሁለት ፊደል፣ እሱም መነጽር አድርጎ ለሚፈልግ ሰው።

የእኔ ቃል «ራን» ነበር። ተማሪ ሁሉ ትምህርት ቤት በገባ በመጀመሪያው ዓመት «ሮጠ» ማለት ነው ተብሎ የሚነገረው፣ ከዚያም ዕድሜ ልኩን የሚሳሳትበት ቃል ነው። እህቴ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ አንዷ ተማሪዋ ስለ ቤተሰቧ ትርጉም እንድትሠራ ታዛ «እናቴ የልብስ ስፌት ቤት ትሮጣለች» ብላ አምጥታላት፣ እህቴ ወረቀቱን ለእኔ አሳይታ እስኪያማት ስቃለች። እኔ አልሳቅሁም። የልጅቷ እናት ስፌት ቤቱን እንደምታስተዳድር የሚነግራት መጽሐፍ ስላልነበረ ነው፤ መጽሐፉ ያልነበረውም እኔ ስላልጨረስኩት ነው።

አላዋቂ ሰው ይህ ቃል እግር ብቻ ያለው ይመስለዋል። ነገር ግን ውሃ በቧንቧ ሲፈስ «ራን» ነው። ሞተር ሲሠራ፣ አውቶቡስ ከጣቢያ ጣቢያ ሲመላለስ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫው አልቆም ሲል፣ ቀይ ሸሚዝ ቀለሙን ለቆ ነጩን ሲያበላሽ፣ ስስ የሴት ካልሲ ከጉልበት እስከ ተረከዝ ሲተረተር፣ ሰው ለሥልጣን ሲወዳደር፣ ጋዜጣ ወሬ ሲያወጣ፣ ትኩሳት ሲነሣ፣ ቲያትር ለወራት ሳይቋረጥ ሲታይ፣ መኪና ሰው ሲገጭ፣ ስኳር ሲያልቅ፣ ሰው ሊያየው ከማይፈልገው ሰው ጋር መንገድ ላይ ሲገጣጠም፣ አንድ ባሕርይ በዘር ሲወርድ፣ ይህ ሁሉ «ራን» ነው። የእኛ ቋንቋ ለእያንዳንዱ የራሱን ግሥ አዘጋጅቶ ሲያስተናግድ፣ እንግሊዝኞቹ ግን አንዷን ቃል በየቤቱ እየላኩ ሥራውን ሁሉ ያሠሯታል። ለዚህች ለፍታ አዳሪ ቃል ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ካርድ ጽፌላታለሁ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ባይሰለቹ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ ቃሌ ከእኔ የተወሰደበትን ደብዳቤ ይመለከታል። ደብዳቤው አንድ መስመር ተኩል ሲሆን እንዲህ ይላል፦ «ከሥራ ቅልጥፍና አንጻር ‹ራን› የተሰኘው ቃል ከዛሬ ጀምሮ ወደ ሌላ ባለሙያ የተዛወረ መሆኑን እናሳውቃለን፤ ለእስከ አሁኑ አስተዋጽኦዎ እናመሰግናለን።» ለዘጠኝ ዓመት አንድ መስመር ቢበቃ ኖሮም አልቀየምም ነበር፤ ተጨማሪዋን ግማሽ መስመር ከየትኛው በጀት እንዳወጧት ባላውቅም ከልብ አመሰግናለሁ። ምናልባት በቀድሞ መሥሪያ ቤትዎ አንድ መኪና ከአንድ ሹፌር ተነሥቶ ለሌላው የሚሰጠው ቁልፉን በማቀበል ብቻ ይሆናል፤ ካርቶኑም ቁልፍ ቢኖረው ኖሮ በአንድ እጄ እየሰጠሁ በሌላው ሰላምታ ባቀረብኩልዎ ነበር።

በምትኩ ስለ ሰጡኝ ቃልም ምስጋናዬ ይድረስዎ። «ራዲሽ» ነው የሰጡኝ። ራዲሽ ማለት ፍጅል ነው። ነገሩ በዚህ ያበቃል። አይፈስም፣ አይተረተርም፣ ለሥልጣን አይወዳደርም። በአሥራ አንድ ደቂቃ ጨርሼው ቀሪውን የሥራ ሰዓት ግድግዳ ሳይ ዋልኩ። እቤት ገብቼ ለእህቴ ስነግራት ለማጽናናት ያህል ፊቷን ለማጥቆር ሞከረች፣ አልቻለችም፤ ከዚያ የልቧን ተናገረች፦ «ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ? አንተ ያንን ቃል አሳደግኸው እንዴ? አስረጀኸው እንጂ!» ለሁለት ቀን አላናገርኳትም።

ሁለተኛ፦ ቃሉ የተሰጣትን ሰው ይመለከታል። ከእኔ ተወስዶ ለማንም ይሰጥ፣ ለጥበቃው ይሰጥ፣ ለሥራ አመራር ቦርዱ ይሰጥ፤ ለባለመስኮቷ መሰጠቱ ግን የአጋጣሚ ነገር ነው ብሎ ማመን ያቅተኛል። ባለመስኮቷ የምላት፣ ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ በመስኮቱ ጎን ያለው ጠረጴዛ የእሷ ስለሆነ ነው። ጠረጴዛው በአገልግሎት ዘመን ለእኔ ይገባ ነበር። የቀድሞው ባለቤቱ ጡረታ ሲወጣ፣ በስብሰባ ላይ ተነሥቼ የፀሐይ ብርሃን የካርድ ቀለም እንደሚያደበዝዝና እኔ እዚያ መቀመጥ እንደማልሻ በሰፊው አስረዳሁ። ዕቅዴ ሰው ሁሉ «ኧረ ጋሼ፣ እባክዎ!» እያለ እንዲለምነኝና እኔም እየተግደረደርኩ እንድቀበል ነበር። ማንም አልለመነኝም። እሷ «እኔ ብርሃን እወዳለሁ» አለች፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ነገሩ በሦስት ደቂቃ አለቀ። ስለዚህ በመስኮቱ ጉዳይ የሚወቀስ ሰው ቢፈለግ ያው እኔ ነኝ፤ ይህም ንዴቴን ጨመረው እንጂ አላበረደልኝም።

ካርድ አጻጻፍ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት እርሳስ አያያዟን ሳይቀር አስተካክያለሁ። አሁን የእሷ እጅ ጽሑፍ ከእኔ የተሻለ ነው። ሰዎች ቃል ሲቸግራቸው በእኔ ጠረጴዛ በኩል አልፈው ወደ እሷ ይሄዳሉ፤ ሲያልፉ «ደህና ዋልክ?» ይሉኛል፣ ለመልሴ ግን አይቆሙም። የጀመረችውን ትጨርሳለች። ይህን ጥፋቷን በተለይ እንዲያስተውሉልኝ እፈልጋለሁ፤ ትጨርሳለች፣ ካርቶኑን ትዘጋለች፣ ቦርሳዋን አንሥታ እየሳቀች ወደ ቤቷ ትሄዳለች። በዚህ ዓለም ላይ ሥራውን ጨርሶ የሚሄድ ሰውን ያህል የሚያስቀና ነገር አላውቅም። እኔ አንድ ቃል ላይ ዘጠኝ ዓመት ስቀመጥ፣ ሰዉ ጥንቃቄ ነው ይል ነበር፤ እሷ ከመጣች በኋላ ግን ሌላ ስም ሊሰጠው እንደሚችል ተረዳሁ። ቀናሁባት፣ ክቡርነትዎ። በጨዋ ቋንቋ ለመግለጽ ብዙ ሞክሬ ነበር፤ ቃል መፍታት ሥራዬ ስለሆነ ሌላ የሚተካው እንደሌለ አረጋግጫለሁ። ዓይኔ እስኪቀላ ቀናሁባት።

ሦስተኛ፦ ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ስለሆነ በምን ዓይነት ቅጽ እንደሚቀርብ አላወቅሁም፤ ቅጽ ካለዎት ይላኩልኝ።

ካርቶኑን ለባለመስኮቷ ከማስረከቤ በፊት ሰባት ካርድ አውጥቼ ወሰድኩ። የመጸዳጃ ቤቱን በር ቆልፌ፣ ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ የምወዳቸውን መረጥኩ። አንዱ ሠላሳ አንደኛው ካርድ ነው፤ ከውሃ መሳቢያ ሞተር መመሪያ የተገለበጠ ሲሆን፣ ከበስተጀርባው አባቴ ሞተሩን ሲፈታ ሲገጥም የዋለበትን ቀን ጽፌበታለሁ። መቶ አሥራ ስምንተኛው ከዓይን ሐኪም ወረቀት የተወሰደ ነው፤ ሕመሙ በዘር የሚወርድ መሆኑን ይናገራል፣ በመጀመሪያ የአባቴን ዓይን፣ በኋላም የእኔን የሚመለከት ነው። ሦስት መቶ ሰባ ሰባተኛው ከቀድሞ እጮኛዬ ጋር በፋርማሲ ሰልፍ ላይ በተገጣጠምኩበት ቀን የተጻፈ ነው፤ እሷ ከባሏ ጋር ነበረች፣ እኔ የሳል ሽሮፕ ይዤ ነበር። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ማስታወሻ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ እኔ ማስታወሻ ደብተር ኖሮኝ አያውቅም፤ «ራን» ነበረችኝ። አራቱን ሌሎች ካርዶች አልዘረዝራቸውም።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ሰባቱ ሲጎድሉ ፍቺው ያነክሳል፤ ሲያነክስ እርስዎ ይደነግጣሉ፤ ሲደነግጡ ያስጠሩኛል። ለዚያ ቀን የሚሆን ነጭ ሸሚዝ ተኩሼ ከወንበሬ ጀርባ ሰቀልኩ። አምስት ወር ጠበቅሁ። ሸሚዙ ትከሻው ላይ አቧራ ለበሰ እንጂ የጠራኝ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ የሥራ ባህላችንን ማስረዳት ይኖርብኛል። የቀድሞው ኃላፊያችን፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ አንድ ሥርዓት ትተውልን አልፈዋል፦ ማንኛውም ፍቺ ለኅትመት ከመሄዱ በፊት ምንም እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው ጮክ ተብሎ ይነበባል። ሰሚው «ገባኝ» ካለ ያልፋል፤ «አልገባኝም» ካለ ወደ አሳዳጊው ይመለሳል። ላለፉት አሥራ አራት ዓመታት ይህን ሥራ በታማኝነት የሚሠሩልን የፎቃችን የጽዳት ሠራተኛ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ናቸው። እማማ ፕሮፌሰር አይፈሩም። እኔ ባለፉት ዓመታት ብዙ ትናንሽ ቃላት አንብቤላቸዋለሁ፤ መወልወያቸውን እየጨመቁ ይሰሙኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ይኼን ሁሉ ከምትነግረኝ ነገሩን ራሱን አታሳየኝም?» ይሉኛል። አንድ ጊዜ በመካከሉ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። «ራን»ን ግን አንድም ቀን ይዤላቸው ቀርቤ አላውቅም። ሁልጊዜ አንድ ካርድ ይጎድላት ነበር። እንደዚያ እያልኩ ነበር የምኖረው።

ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ባለመስኮቷ አነበበች። አሥራ አራት ሠራተኞች በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረን፣ እርስዎ ከፊት፣ እኔ ለመውጣት እንዲመቸኝ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠን ነበር። እማማ ወንበር ቢሰጣቸው እንደ ወትሮው እምቢ ብለው ባልዲያቸውን ገልብጠው ተቀመጡበት። ክቡርነትዎ በዚያ ቀን ስልክዎን ይመለከቱ ስለነበረ የሆነውን ልንገርዎ።

የእኔ ፍቺ ቢጠናቀቅ ኖሮ ስድሳ ሦስት ትርጉሞች ይኖሩት ነበር፤ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ እንደሚጠባበቁ ሰዎች እርስ በርስ ሳይተያዩ በተራ የሚቆሙ። ባለመስኮቷ እንደዚያ አላደረገችም። ከሁሉ በላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀደመች፦ «ከእግር ይጀምራል፤ ነገር ግን አንዴ ተነሥቶ ሳያቋርጥ የሚሄድ ነገር ሁሉ ነው፤ መሄጃ ሲያጣም ያልቃል።» ከዚያ በኋላ ያለው እየተያያዘ መጣ። ውሃው ካልዘጉት ይፈሳል፤ ሞተሩ ካላጠፉት ይሠራል፤ ሱቁ የሚያስተዳድረው ካለ አይቆምም፤ ቀለሙ ልብሱን ለቆ ይወጣል፤ ወሬው ከጋዜጣው ወጥቶ ይዞራል፤ ባሕርዩ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ በመጨረሻም ስኳሩ ያልቃል። ስድሳ ሦስቱ ባዕዳን ዘመዳሞች ሆኑ። እኔ ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ስኖር መመሳሰላቸውን አላየሁም፤ እሷ በአምስት ወር እናታቸውን አገኘችላቸው።

የደበቅኋቸው ሰባት ትርጉሞችም አንድ ሳይቀሩ ነበሩ። በራሷ ፈልጋ አግኝታቸዋለች። በዘር ስለሚወርደው ያስቀመጠችው ምሳሌ «ኩርፊያ በቤታቸው በዘር የሚወርድ ነው» የሚል ነበር። ማንን አስባ እንደጻፈችው አልጠየቅሁም፤ ለእህቴ ስነግራት ግን «ልክ ናት» ብላ አረጋግጣለች።

አንብባ ስትጨርስ እማማ ጉልበታቸውን መታ አድርገው፣ «እንዴ! ታዲያ የኔም ሥራ ራን ነዋ! እኔ እጠርጋለሁ እናንተ ታቆሽሻላችሁ፣ እጠርጋለሁ ታቆሽሻላችሁ፤ መች ቆሞ ያውቃል!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ክቡርነትዎም ከስልክዎ ቀና ብለው ሰው ስለሳቀ ሳቁ። እኔ ግን ምን እንደሆነ ገባኝ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ እማማ «ገባኝ» ያሏቸው ብዙ ቃላት አሉ፤ ተቀብለው፣ በእጃቸው ይዘው፣ ለራሳቸው ኑሮ የተጠቀሙበት ቃል ግን ያ የመጀመሪያው ነው። ያም የእኔ ቃል ነበር፤ በእሷ አፍ። ከሁሉ ዘግይቼ፣ ከሁሉ በላይ ጮክ አድርጌ አጨበጨብኩ፤ እጄን እስኪያመኝ።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እንደ ምንም እችለው ነበር። ነገር ግን በደንባችን መሠረት አንባቢዋ የካርዶቹን ቆጠራ ማሰማት አለባት፤ እሷም አሰማች፦ «አራት መቶ አምስት ካርድ ተረክቤያለሁ። ሰባት ካርዶች፣ ማለትም ቁጥር ሠላሳ አንድ፣ ሰባ፣ መቶ አሥራ ስምንት፣ ሁለት መቶ አራት፣ ሁለት መቶ ስድሳ፣ ሦስት መቶ ሰባ ሰባትና አራት መቶ ዘጠኝ፣ በአሳዳጊው እጅ ይገኛሉ።»

ክቡርነትዎ፣ ካርዶቹን ቁጥር የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ከአንድ እስከ አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ በማይለቅ ቀለም፣ በቀኝ ጥግ፣ እየተጠበብኩ። ሰባቱን ስወስድ ይህን ረስቼው ነበር። ስለዚህ ካርቶኑን በተረከበች በመጀመሪያው ሳምንት ምን እንደጎደለና ማን እንደወሰደው አውቃለች ማለት ነው። አምስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ «ደህና አደሩ ጋሼ» ስትለኝ እያወቀች ነው። ለእርስዎ አንዲት ቃል አልነገረችም። «ጠፍተዋል» አላለችም፣ «ተወስደዋል» አላለችም። የራሷ ፊርማ በክዳኑ ላይ እያለ እኔን አሳዳጊ ብላ ጠራችኝ፤ ስትጠራኝም ወደ በሩ ዞር ብላ አላየችኝም። ያዩኝ እማማ ብቻ ናቸው። ባልዲያቸውን አንሥተው ወጡ።

አራተኛ፦ ይህን ቁጥር ስለ ወንበሬ የተሰበረ እግር ልጽፍበት ይዤው ነበር፤ አሁን ልቤ እዚያ ላይ ስላልሆነ ባዶውን ይለፍ።

በማግሥቱ ልቆጣት ወደ መስኮቱ ሄድኩ። በምን ምክንያት እንደምቆጣ ገና አልወሰንኩም ነበር፤ ስደርስ ይመጣልኛል ብዬ ነው። እሷ ከወንበሯ ተነሥታ እኔን አስቀመጠችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ተቀመጥኩ፤ በእርግጥም ብርሃኑ መልካም ነው። ከዚያም፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ለቅመው ባያስቀምጡ ኖሮ እኔ ምኑን እደረድር ነበር?» አለችኝ። ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የካርዶቹን ጀርባ አንብቤያለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሳላነብ መደርደር አልቻልኩም» አለች። አራት መቶ አምስት ጀርባ ማለት፣ ክቡርነትዎ፣ የዘጠኝ ዓመት ኑሮዬ ማለት ነው። አሸናፊ ሆና ብትንቀኝ የሚሆን ፊት አዘጋጅቼ ሄጄ ነበር፤ ለደግነቷ የሚሆን ፊት ግን አልነበረኝም። ኮማ የጎደለበት አንድ ቦታ እንዳለ ነግሬያት ተመለስኩ። ኮማው አልጎደለም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሰኞ ዕለት ከቢሮዎ ቅጽ ደረሰኝ። ባለመስኮቷ ባቀረበችው ጥብቅ ጥያቄ መሠረት በ«ራን» ፍቺ መጨረሻ የሚታተሙት የእኔ ስም ሁለት ፊደላት ብቻ እንደሚሆኑ፣ የእሷ እንደማይገባ፣ እኔም እስከ ዓርብ ድረስ በስምምነት እንድፈርም ይገልጻል። ከቅጹ ጋር በእርስዎ እጅ የተጻፈች ማስታወሻም አለች፦ «እንኳን ደስ ያለህ፤ ክብርህ ተመልሷል፤ እንግዲህ ኩርፊያው እዚህ ላይ ይብቃ።» ስለ ቸርነትዎ አመሰግናለሁ። የሌላ ሰው ሥራ ለእኔ በመስጠት ያን ያህል የሚደሰት አለቃ ማግኘት እንዴት ያለ መታደል ነው! ቃሌን ለእሷ ሲሰጡ አልጠየቁኝም፤ ቃሏን ለእኔ ሲሰጡም እሷ ስለ ምን እንደለመነችዎ አልጠየቁም። ለእርስዎ ሁለታችንም ያው አንድ መኪና የምንቀያየር ሹፌሮች ነን።

ሰኞ ማታ ለእህቴ ቅጹን ሳሳያት «ፈርም እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ? ዘጠኝ ዓመት የፈለግኸው ይኸው አይደለም እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዘጠኝ ዓመት እነዚያን ሁለት ፊደላት በሕልሜ አይቻቸዋለሁ። እስክሪብቶ አነሣሁ። ከዚያም ነገ መጽሐፉ ታትሞ ያቺ የስፌት ቤቱ ባለቤት ልጅ ገጹን ስትከፍት አሰብኩ። ያንን የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ታነባለች፤ ይገባታል፤ ዓይኗን ወደ ታች ስታወርድ የእኔን ፊደላት ታገኛለች። ሰዎችም መንገድ ላይ አስቁመው «እንዴት አድርገህ ጻፍከው!» ይሉኛል። እኔም ዕድሜዬን በሙሉ እንዴት እንዳልጻፍኩት እያወቅሁ አመሰግናለሁ እላለሁ። እስክሪብቶውን መልሼ አስቀመጥኩ።

ስለሆነም ክቡርነትዎ፣ አልፈርምም። የእኔ ፊደላት ይውጡ፤ የእሷ ሁለት ፊደላት ብቻ ይግቡ። ሰባቱን ካርዶች ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ለእርስዎ ሳይሆን ለእሷ ይሰጡልኝ፣ ጀርባቸውንም ታንብበው፤ ሌላውን ካነበበች እነዚህን የምሸሽግበት ምክንያት የለኝም። ይህን የማደርገው ደግ ሰው ስለሆንኩ ነው ብሎ የሚያስወራብኝ ሰው ካለ በሕግ እጠይቀዋለሁ። ደግ አይደለሁም። አሁንም፣ ይህን ስጽፍም፣ ጀርባዬን ወደ መስኮቱ ሰጥቼ፣ የእሷን እርሳስ ድምፅ እየሰማሁ፣ ጥርሴን ነክሼ ነው። እሷ የጻፈችውን ዓረፍተ ነገር እኔ ብጽፈው ኖሮ ቀሪውን ዕድሜዬን ልሰጥ እችል ነበር። አልጻፍኩትም። የጻፈችው እሷ ናት፤ እዚያ ገጽ ግርጌ ላይ ስሟ ይኑርና እኔም ከፍቼ እያየሁ፣ በሙሉ መብቴ፣ እንደ ልቤ ልቅናባት። የእኔ ፊደል እዚያ ከተጻፈ በማን ልቀና ነው? ቃሌን ወስደዋል፤ ቅናቴን እንኳ ይተዉልኝ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ከዚያም የሚበልጥ ረጅም የዓመት ዕረፍት፣ ምቹ ወንበርና ብዙ ያልተነበበ ደብዳቤ እየተመኘሁ፣ ከዚህ በላይ ጊዜዎን ብወስድ ስልክዎን የሚመለከትልዎ ሰው ስለማይኖር በዚሁ እሰናበታለሁ።

በጥልቅ ትሕትና፣ በግማሽ አክብሮትና በሙሉ ቅናት፣

በሦስተኛው ፎቅ በር አጠገብ የሚቀመጠው ነባር ሠራተኛዎ

አባሪ፦ ሰባት ካርድ፣ ያልተፈረመ አንድ ቅጽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሊፍቱ ላይ ለሦስት ዓመት ተለጥፎ የነበረው «ለጊዜው አይሠራም» የሚለው ወረቀት ባለፈው ሰኞ ጠዋት ባልታወቀ ሰው ተነሥቶ በክቡርነትዎ ቢሮ በር ላይ መለጠፉን ሳያስተውሉ አይቀሩም ብዬ ነበር፤ እስከ ዛሬ ድረስ ስላላነሡት ግን አለማስተዋልዎን ተረድቻለሁ። የእኔ እጅ የለበትም። ይሁን እንጂ ላለፉት አራት ቀናት በዚያ ያለፉትን ባለጉዳዮች ሁሉ ከጠረጴዛዬ ሆኜ ስመለከት፣ አንብበው ራሳቸውን ነቅንቀው ከመመለስ በስተቀር፣ ወረቀቱ በስህተት የተለጠፈ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አላጋጠመኝም።